የጠቆረ፣ የተበላ፣ የተበሳ፦ ስለ አሮጌ የመዳብ ሳንቲሞች የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ አሮጌ ሳንቲሞች በተወያየንበት ዕለት ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ሰዓቱ ስላጠረ በአየር ላይ በጥድፊያ ያለፍኳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

«አያቴ ከተዉት ዕቃ መሃል አንድ እፍኝ የመዳብ ሳንቲም አገኘሁ። ሁሉም ጠቁረዋል። በሎሚና በጨው ፈትጌ ላጥራቸው?»

እህቴ፣ እባክዎ እንዳይነኳቸው። በየሳምንቱ አንድ ሰው «አጽድቼ አመጣሁልህ» ብሎ ሲያሳየኝ ልቤ ያዝናል።

ያ ጥቁረት እድፍ አይደለም። መዳቡ ከአየርና ከእርጥበት ጋር ለብዙ ዓመታት ሲኖር ያወጣው ቆዳ ነው። ከሥሩ ያለውን መዳብም ይጠብቅለታል። ሎሚና ኮምጣጤ አሲድ ናቸው፤ ቆዳውን ገፈው አይቆሙም፣ መዳቡንም ይበላሉ። ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፤ መዳብን ለዘለቄታው የሚያሳምመው በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ነው።

የተፈተገ ሳንቲም ሰብሳቢ ፊት ሲቀርብ ወዲያው ይታወቃል። ቀለሙ ወደ ሮዝ ያደላ ብርቱካናማ ይሆናል። በፊደሎቹ ሥር ግን ጥቁሩ እንዳለ ይቀራል። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ደቃቅ ጭረቶች ተሰልፈው ይታያሉ። አዲስ መዳብ ሲታተም የሚኖረው ቀይ ፍካት በጣም ይፈለጋል፤ ሰብሳቢዎች የመዳብ ሳንቲምን ቀይ፣ ቀይ ቡናማ እና ቡናማ ብለው የሚለዩት ለዚህ ነው። ግን ያ ቀይ አንዴ ከሄደ በማጠብ አይመለስም። ለዚህ ነው ሰው ከታጠበው ይልቅ የጠቆረውን የሚመርጠው።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ የአክሱም የመዳብ ሳንቲሞች በምስሉ አካባቢ ስስ የወርቅ ልባጥ አላቸው። ጥቁሩ ስለሸፈነው ላይታይ ይችላል። ጠንከር ያለ ብሩሽ አንዴ ቢያልፍበት ወርቁ አብሮ ይሄዳል።

አፈር ከተለጠፈበት በተጣራ ውሃ ይዘፍዝፉት፣ ውሃውን በየቀኑ ይቀይሩ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ አድርገው ያድርቁት። አይሹት። ከዚህ ያለፈ ነገር ከማድረግዎ በፊት ለባለሙያ ያሳዩ።

«አንዱ ሳንቲሜ ላይ አረንጓዴ ነገር ወጣ። ያሰጋል?»

አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም። ቀጭን የእንጨት ስንጥር ይያዙና በቀስታ ጫር ያድርጉት።

ጠንካራ፣ ልሙጥና ጠቆር ያለ ከሆነ፣ ስንጥሩም ምንም ካላነሳ፣ ያ የዕድሜ ቆዳ ነው። ይተዉት። በጥንት ሳንቲሞች ላይ እንዲያውም ውበት ነው፣ ዋጋም ይጨምራል።

ፈዘዝ ያለ፣ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ግን በሽታ ነው። ስያሜውም «የነሐስ በሽታ» ነው፤ ንጹሕ መዳብንም ይይዛል። መዳቡ ውስጥ የተደበቀ ክሎራይድ እርጥበትና አየር ሲያገኝ አሲድ ይፈጥራል። አሲዱ መዳቡን ይበላል፤ ከዚያም ተጨማሪ ክሎራይድ ይፈጠራል። እንዲህ እየዞረ ይቀጥላል። ዱቄቱን ጠርገው ቢያነሱት ከሥሩ ትንሽ ጉድጓድ ያገኛሉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ይወጣል።

ይህን ሳንቲም ከሌሎቹ ለይተው ያስቀምጡ። እርጥበት ከሚመጥጡ የሲሊካ ከረጢቶች ጋር በሚገጠም ዕቃ ይዝጉት። በዕቃው ውስጥ ያለው እርጥበት ከ40 በመቶ በታች ከሆነ በሽታው በአብዛኛው ያንቀላፋል። ክሎራይዱን ከውስጥ የማውጣቱ ሥራ ግን ወራት ይወስዳል፣ ለባለሙያ ቢተዉት ይሻላል። ከጉዳት ሁሉ ዋጋን ክፉኛ የሚጥለው ይሄ ይመስለኛል። ገዢው ሳንቲም ሳይሆን የማያልቅ ሕክምና ነው የሚገዛው።

ሦስተኛው አረንጓዴ እንደ ቅባት የሚያጣብቅ ነው። ከለስላሳ ፒቪሲ ፕላስቲክ መያዣ የሚመጣ ነው። አሴቶን የተባለው ቅባት የሚያሟሟ ፈሳሽ፣ ንጹሕ ከሆነ፣ ያነሳዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይጠቀሙ፣ ዘይትና ሽቶ ይጨመርበታል። አሴቶን በቀላሉ ይቀጣጠላልና መስኮት ከፍተው፣ ከእሳት ርቀው ይሥሩ። ፕላስቲኩንም ይጣሉት።

«ተማሪ ነኝ። ጠርዙ ተነክሶ የወጣ የሚመስል ሳንቲም አለኝ። የፋብሪካ ስህተት ነው ወይስ ሰው ነው የቆረጠው?»

ጎበዝ ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የፋብሪካ ስህተት ከሆነ ጉዳቱ ዋጋ ይጨምርልሃል፣ ሰው ከቆረጠው ይቀንስብሃል።

ሳንቲም ከመታተሙ በፊት ክቡ መዳብ ከረጅም ጠፍጣፋ መዳብ ላይ ይበሳል። ቀጣዩ ብስ ቀድሞ በተበሳው ቦታ ላይ ከተደረበ አዲሱ ክብ ጎኑ ተነክሶ ይወጣል። ከዚያ ጠርዙን ለማንሳት ዙሪያውን ሲጨመቅ፣ በተነከሰው በኩል የሚገፋው ነገር የለም። ስለዚህ ከንክሻው ትይዩ ባለው ጎንም ጠርዙ በደንብ አይነሳም።

አሁን ሳንቲምህን አንሳ። ንክሻውን ወደ ላይ አዙረውና ታችኛውን ጠርዝ ተመልከት። እዚያ ጠርዙ ደብዝዞ ወይም ጠፍቶ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ሰብሳቢዎች የብሌክስሊ ምልክት ይሉታል። ቀጥሎ በንክሻው አጠገብ ያሉትን ፊደሎች እይ። መዳቡ ሲታተም ወደ ባዶው ስለሚፈስ ፊደሎቹ እየሳሱና እየተለጠጡ ይሄዳሉ። ድንገት በቢላ እንደተከረከሙ ከቆሙ፣ የሞረድ ጭረትም ካለ፣ ሰው የሠራው ነው።

«እኔ ሽማግሌ ነኝ ልጄ። ያለኝ ሳንቲም ቀዳዳ አለው። ጥለው ይሉኛል።»

አባቴ፣ አይጣሉት። መጀመሪያ ምን ሳንቲም እንደሆነ እንወቅ፤ ጉዳቱ የሚመዘነው ከዚያ በኋላ ነው። በየቦታው የሚገኝ ሳንቲም ሲበሳ ዋጋው ከመዳቡ ብዙም አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1793 የታተመ የአሜሪካ ትልቁ የመዳብ ሳንቲም ግን ተበስቶም፣ ተበልቶም ገዢ ያገኛል።

ማርጀትና መጎዳትም ይለያያሉ። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የለሰለሰ ሳንቲም አርጅቷል እንጂ አልተጎዳም። አሜሪካዊው ዊሊያም ሼልደን እ.ኤ.አ. በ1949 ለእነዚያ የአሜሪካ ትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ከ1 እስከ 70 ያለው መለኪያ የሚመዝነው በዋናነት ማርጀትን ነው። የተበሳ፣ የተፈተገ ወይም የታጠፈ ሲሆን መርማሪ ድርጅቶች ቁጥር መስጠቱን ትተው «ዝርዝሩ ይህን ያህል ይታያል፣ ነገር ግን ተጎድቷል» ብለው ይጽፉበታል።

ጉዳቱ ያለበት ቦታም ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1797 የወጣው የእንግሊዝ ፔኒ ወደ 28 ግራም ይመዝናል። እንዲህ ከባድ ስለሆነ ሲወድቅ ጠርዙ ይጎረድማል። ሰብሳቢዎች ትንሽ የጠርዝ ጉርድማት ይቅር ይላሉ፤ በንጉሡ ጉንጭ ላይ ያለ ጭረት ግን አይታለፍም። የእርስዎም ቀዳዳ ዓመተ ምህረቱን ካልነካው አንድ ነገር ነው። ዋጋውን ለማወቅ ሻጮች የሚጠሩትን ሳይሆን፣ የተበሳ የዚሁ ሳንቲም ወንድም በጨረታ በስንት እንደተሸጠ ይጠይቁ።

«የ1943 የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲም አለኝ። ሀብታም ሆንኩ?»

መጀመሪያ ማግኔት ያስጠጉ። በዚያ ዓመት መዳቡ ለጦርነት ስለተፈለገ ሳንቲሙ ዚንክ ከተቀባ ብረት ነበር የሚሠራው። በመዳብ የታተሙት በስህተት ያመለጡ ጥቂቶች ናቸው። ከተሳበ በመዳብ የተለበጠ ብረት ነው። ካልተሳበ ይመዝኑት፤ መዳቡ ወደ 3.1 ግራም፣ ብረቱ 2.7 ግራም ገደማ ነው። ክብደቱም ከገጠመ 3 ቁጥሯን በአጉሊ መነጽር ይመርምሩ። ከ1948 ሳንቲም ላይ የ8ን ግራ ጎን ፍቀው 3 የሚያደርጉ አሉ፤ የተፋቀው ቦታ ከአካባቢው የተለየ ልሙጥ ሆኖ ይታያል።