ውጤቱ ሳይለጠፍ ውድድሩ አላለቀም፦ በጅማ የቅዳሜና እሁድ የቼስ ውድድር መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ ልጆቻችሁን በማለዳ ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ በበጎ ፈቃድ የምታገለግሉ ዳኞች፣ እንዲሁም ከቆጪ፣ ከፈረንጅ አራዳ፣ ከጅሬን፣ አልፎም ከአጋሮና ከሰቃ የመጣችሁ ተጫዋቾች፣ እንደምን አደራችሁ!

በአዘጋጅ ኮሚቴው ስም እንኳን ደኅና መጣችሁ እያልሁ፣ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ውድድሩ በምን ሥርዓት እንደሚካሄድ፣ በተለይም ውጤቱን እንዴት እንደምንይዝና እንደምናሳውቅ ላስረዳችሁ እወዳለሁ። በየከተማው የሚደረጉ ትንንሽ ውድድሮች ብዙ ጊዜ አሸናፊው ዋንጫ ሲቀበል ከተነሣው ፎቶግራፍ በቀር የሚተርፍላቸው ነገር የለም። አንደኛው ይታወቃል፤ ሁለተኛውን ጥቂት ሰዎች ያስታውሱታል፤ አሥራ ሰባተኛ የወጣችው ልጅ ግን ማንን እንዳሸነፈች፣ ከማን ጋር አቻ እንደወጣች የሚመሰክርላት ወረቀት አይገኝም። የእኛ ውድድር እንዲህ እንዳይሆን ኮሚቴው ወስኗል።

አገራችን ለዚህ ጨዋታ እንግዳ አይደለችም። አባቶቻችን ሰንጠረዥ የሚባለውን የአገራችንን ቼስ ሲጫወቱ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ የሚያሰልፉበት «ወረራ» የሚባል አጀማመር ነበራቸው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልትም የትግራይ ገዥ የነበሩት ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ እንደሚጫወቱ ጽፏል። የጨዋታው ሕግ በእንዲህ ያለ ምስክርነት ደርሶናል፤ ማን ማንን እንደረታ የሚነግረን የውጤት መዝገብ ግን አልወረስንም። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ዛሬና ነገ የምንከተለው፣ እ.ኤ.አ. በ1895 በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለውን የስዊስ ሥርዓት ነው። ሠላሳ ሁለት ተጫዋቾች ሁሉም ከሁሉም ጋር ይጋጠሙ ቢባል 496 ጨዋታ ያስፈልጋል፤ ይህ በሁለት ቀን የሚሞከር አይደለም። ጥሎ ማለፍ ይሁን ቢባል ደግሞ ግማሾቹ ተጫዋቾች ገና በረፋዱ ይሰናበታሉ፤ ከአጋሮ ሌሊት ተነሥታ የመጣችን ልጅ አንድ ጨዋታ አጫውቶ መሸኘት ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ። በስዊስ ሥርዓት ማንም አይሰናበትም። በእያንዳንዱ ዙር እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው ይገናኛሉ፤ አንድ ጊዜ የተጋጠሙ ዳግም አይጋጠሙም፤ ነጭና ጥቁርም በተቻለ መጠን ይፈራረቃል። በዚህ መንገድ 32 ሰዎች አምስት ዙር፣ በጠቅላላው 80 ጨዋታ ሲጫወቱ፣ ሁሉንም ያሸነፈ ተጫዋች ከአንድ በላይ ሊኖር አይችልም።

ለእያንዳንዱ ተጫዋች 25 ደቂቃ ተመድቦ፣ ባንቀሳቀሰ ቁጥር 10 ሰከንድ ይጨመርለታል። ዛሬ ከጠዋቱ 3፣ ከረፋዱ 5 እና ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሦስት ዙሮች ይካሄዳሉ፤ የምሳውን ሰዓት ያሰፋነው ሶላት የሚሰግዱ ተጫዋቾች እንዳይጣደፉ ሲሆን፣ የነገዎቹ ሁለት ዙሮችም ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ የሆኑት ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱትን ለመጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አንድ ጨዋታ ሲያልቅ ሁለቱም ተጫዋቾች ሰዓቱን አቁመው፣ በተሰጣቸው ወረቀት ላይ ውጤቱን ጽፈው፣ ሁለቱም ፈርመው ለዳኛው ያስረክባሉ። ያሸነፈው ብቻ መጥቶ በቃል ቢናገር አንቀበልም። ይህ ጥብቅነት ካለመተማመን የመጣ አይደለም። የሚቀጥለው ዙር ድልድል የሚሠራው ካለፈው ዙር ነጥብ ስለሆነ፣ አንድ ውጤት ተገልብጦ ከተመዘገበ ሁለት ሰዎች ከማይገባቸው ተጋጣሚ ጋር ይቀመጣሉ፤ ከእነርሱ በታች ያሉት ሰሌዳዎችም በተራቸው ይዛባሉ፤ ስሕተቱ ከአንድ ዙር በኋላ ቢታወቅ የተጫወቱትን መሻር አይቻልም። ስለዚህ አንዱ ዳኛ ከወረቀቱ ያነባል፣ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ይሞላል፣ ሦስተኛ ሰው ያመሳክራል። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ተጋጣሚዎቹን፣ የያዘውን ቀለምና ነጥቡን የሚያሳይ ካርድ በእጅ እንጽፋለን።

ከየዙሩ በኋላ ውጤቱ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ በቴሌግራም ገጻችንም ይወጣል። አዲሱ ድልድል ከመውጣቱ በፊት አሥራ አምስት ደቂቃ እንጠብቃለን፤ ስሙ የተሳሳተ፣ ነጥቡ የጎደለ ሰው በዚህ ጊዜ ውስጥ ለዳኛው ያመልክት። ልጆች፣ ይህን ለመናገር አትፈሩ።

ሁለት ተጫዋቾች እኩል ነጥብ ይዘው ቢጨርሱ፣ የሚለዩት ቡክሆልዝ በሚባለው ስሌት ነው፤ ይኸውም እያንዳንዳቸው የተጋጠሟቸው ሰዎች በውድድሩ ያገኙት ነጥብ ይደመራል። ሁለቱም አራት አራት ነጥብ ቢኖራቸውና የአንዱ ተጋጣሚዎች ድምር 16፣ የሌላው 13 ቢሆን፣ ከበረቱት ጋር የተጫወተው የመጀመሪያው ይቀድማል። መለያው ከአሁኑ በር ላይ ተለጥፏል፤ ሽልማት ሊሰጥ ሲል የሚወጣ መለያ ፍትሐዊ ቢሆን እንኳ ማንም አያምነውም።

የመጀመሪያዎቹ አሥሩ ብቻ ይለጠፉ፣ ሌሎቹ እንዳያፍሩ የሚል ሐሳብ ከአንዳንድ ወላጆች ቀርቦልናል። ከቅንነት የመጣ ሐሳብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን አልተስማማሁበትም። ሙሉው የውጤት ሰንጠረዥ ደረጃን ብቻ አያሳይም፤ አሥራ ሰባተኛዋ ልጅ በሦስተኛው ዙር፣ በጥቁር፣ ከአሸናፊው ጋር አቻ ወጥታ ከሆነ ያንን የሚያሳየው እርሱ ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ የቼስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የሚጠቀምበት፣ በፕሮፌሰር አርፓድ ኤሎ ስም የሚጠራው የተጫዋቾች ደረጃ አሰጣጥም ቢሆን የሚሰላው ከተመዘገበ ውጤትና ከተጋጣሚ ጥንካሬ ነው፤ ያልተመዘገበ ጨዋታ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። የዛሬው ውድድራችን ለዚያ ደረጃ የሚያበቃ አይደለም፤ ለዚያ በኢትዮጵያ ቼስ ፌዴሬሽን በኩል አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። መዝገባችንን ግን ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ልክ እንይዘዋለን።

ልጆቻችሁን በተመለከተ ከስማቸውና ከነጥባቸው በቀር የምናወጣው ነገር የለም። ስልክ፣ የትምህርት ቤት ስምና የልደት ቀን ከመመዝገቢያው ቅጽ አይወጡም፤ ፎቶግራፍም ወላጅ ሲፈቅድ ብቻ ይለጠፋል። የነገው የመጨረሻ ውጤት፣ ከአንደኛው እስከ መጨረሻው ስም፣ ከሽልማቱ በፊት በዚህ አዳራሽ ይነበባል፤ በዚያው ምሽትም ለሁላችሁ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ዙር ድልድል በሩ ላይ ተለጥፏል። ስልካችሁን አጥፍታችሁ ሰሌዳችሁን ፈልጉ፤ ዳኛው ጀምሩ ሲል ጥቁር የያዛችሁ የነጩን ሰዓት አስነሡ።