መንግሥት ቢቀር ይሉኝታስ?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ የምቀዳው ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ነው። ሰፈር መብራት ጠፍቶ ወጣሁ፤ ነፋሱ ማይኩ ውስጥ እየገባ ካስቸገራችሁ ቻሉኝ።

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ጭንቅላቴ ውስጥ ይመላለሳል። መደብም መንግሥትም የሌለበት ማኅበረሰብ፣ ያ ኮሙኒዝም የሚሉት የመጨረሻው ደረጃ፣ እንዴት ነው ውሎ የሚያድረው? ቆሻሻውን ማን ያነሳል? ማርክስ በፈረንጆቹ 1875 «ከእያንዳንዱ እንደ ችሎታው፣ ለእያንዳንዱ እንደ ፍላጎቱ» ብሎ ጻፈ፤ ዝርዝሩን ግን ለእኛ ተወልን። የማርክስ የትግል ጓደኛ ኤንግልስ ደግሞ መንግሥት በጊዜው ይከስማል፣ ሰውን መግዛት ቀርቶ ዕቃን ማስተዳደር ይሆናል አለ።

ዕቃ ማስተዳደር ሲባል ለእኔ የሚመጣልኝ የዕድራችን ዕቃ ቤት ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤታችን አረፉ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተደወለልን፤ ሳይነጋ ድንኳኑ ቆሟል። አንዱ ካስማ ይመታል፣ አንዱ አግዳሚ ይሸከማል፣ ባንክ የሚሠራው ልጅ ሸሚዙን ጠቅልሎ በርሜል ውሃ ይሞላል፣ ሴቶቹ ንፍሮ ጥደዋል። ደሞዝ የለ፣ ፖሊስ የለ። ባለባጃጁም ሐኪሙም በወር የሚያዋጡት እኩል ነው። ድስቶቹ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ ሲመለሱ አንዲት ጭልፋ ጎድላ ስንፈልግ አመሸን። ማርክስ ቢያየን ደስ ይለው ነበር መሰለኝ፣ ባይሆን ንፍሮ ይዘግን ነበር።

ግን ሰው ለምን መጣ? ለፍቅር ብቻ ነው ካልኩ ዋሸሁ። እኔ ራሴ ከአልጋ የወረድኩት እያጉረመረምኩ ነው። ያስነሳኝ ይሉኝታ ነው፤ ነገ እኔ ቤት ሐዘን ሲገባ ማን ይመጣልኛል የሚለውም አለ። ስም ጥሪ አለ፣ የቀረ ይቀጣል፣ ከቅጣቱ ይልቅ ግን የሚያመው «እሱማ አልነበረም» መባሉ ነው። ይሄ እንግዲህ መንግሥት አይደለም፤ ግን አንገት ይይዛል።

በወረቀት ደረጃ ቀበሌም እንዲህ ሊሆን ነበር እኮ። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የቀበሌ ማኅበር የነዋሪው የራሱ ነው ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ጠመንጃ ያዘ፣ እስር ቤት ከፈተ። መንግሥት ይከስማል እየተባለ በውይይት ክበብ ሲነበብ መንግሥት በየሰፈሩ በር ላይ ቆመ። ይሄን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው አልገፋበትም።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አሁን ከፊቴ አንድ ሰውዬ ታንኳ እየሠራ ነው። የደረቀውን ደንገል በጉልበቱ ተጭኖ ጥፍር አድርጎ ያስራል፣ ጫፉን ወደ ላይ ይቆለምማል። ውሃ ሲጠግብ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ይሄን ሙያ ከሁሉም በላይ የያዙት ነገደ ወይጦዎች ናቸው፤ ለዘመናት ግን ጉማሬ ይበላሉ ተብለው አብሯቸው የሚበላ፣ የሚጋባቸው አልነበረም። በታንኳቸው ይሻገራል፣ ከሞሰባቸው አይቆረስም። ይሄን ማንም በአዋጅ አላዘዘም። ሌሊት ድንኳን ያስተከለን ይሉኝታ ራሱ ነው ያዘዘው፤ «ከእነሱ ጋር በላ ይሉኛል» ነው ነገሩ።

እና መደብ ሲጠፋ መንግሥትም አብሮ ይከስማል የሚለው ላይ ነው የምጠራጠረው። የማረሻው ባለቤት ማን ነው ብቻ አይደለም ጥያቄው፤ ስም ሲጠራ መዝገቡ ላይ ማን አለ? እኛ ዕድር ሲመሠረት መዝገቡን የያዙት ሰዎች የሚያውቁትን ሰው ነው የጻፉት። አዲስ ገቢ ዋስ ይጠየቃል። ዋስ የሚሆነው ሰው የሌለውስ? ከዕቃ ቤቱ ድስት ማን ይሰጠዋል?

እሁድ ስብሰባ አለን። ተነስቼ ልጠይቅ አስቤያለሁ። ችግሩ ባለፉት ሁለት ስብሰባዎች ቀርቻለሁ፤ ቅጣቴን ሳልከፍል እጅ ባወጣ ጸሐፊው መጀመሪያ የሚያነበው የእኔን ስም ነው።