ስብሰባ መሀል ስለ መነሳት

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ዛሬ አብራችሁኝ የምትሸኙ አራት ጡረተኞች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ፕሮግራሙ ላይ «የምስጋና ንግግር፣ 10 ደቂቃ» ይላል። ምስጋናውን ቀድሜ ልጨርስ። ለጋቢው፣ ለሰርተፍኬቱ፣ ለኬኩ እግዜር ይስጥልኝ። በ33 ዓመት ውስጥ የአንድ ወር ደመወዝ ቀርቶብኝ አያውቅም፤ ለእሱም አመሰግናለሁ። የቀረኝን ዘጠኝ ደቂቃ ስለ ወገቤ እናገርበታለሁ።

አትሳቁ። እዚህ አዳራሽ ካለነው ውስጥ ስንቱ ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ግድግዳ እንደሚይዝ አውቃለሁ። የሕመም ፈቃዳችሁን ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩት እኔ ነኝ። ሁላችሁም «ኩላሊቴን አሞኝ» ነው የምትሉት። እዚህ ቤት ከዳሌ በላይ ከትከሻ በታች ያለው ሁሉ ኩላሊት ነው።

በ1984 ዓ.ም. ስቀጠር የተሰጠኝ የእንጨት ወንበር ነበር። አንድ እግሩ አጥሮ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ይደረግለታል። አራት ኪሎ የነበረውን አሮጌውን ሕንፃ የምታስታውሱ ወንበሩንም ታስታውሱታላችሁ። እዚያ ላይ ተቀምጬ የአማርኛ ታይፕ ስመታ እውላለሁ፤ አንዳንዱን ፊደል ለማውጣት ሁለቴ መምታት ነው። ማታ ጣቴ ይዝላል እንጂ ወገቤ ደህና ነበር። ካርቦን ለመቀየር እነሳለሁ። ስቴንስሉን ይዤ ማባዣ ክፍል እወርዳለሁ። ደብዳቤ ለማስፈረም ሦስተኛ ፎቅ እወጣለሁ፤ ኃላፊው የሉም፣ እመለሳለሁ፤ መጡ ሲባል እንደገና እወጣለሁ። ያኔ የማማርረው ምልልስ ሁሉ ለካ ወገቤን ሲጠብቅልኝ ኖሯል።

ከዚያ ኮምፒዩተር መጣ። እኔም እድገት ተሰጠኝና ወንበሬ አብሮኝ አደገ፤ እንደምታውቁት እዚህ ቤት ወንበር የሚታደለው በደረጃ እንጂ በሚቀመጡበት ሰዓት ልክ አይደለም። ተሽከርካሪ፣ ባለ መደገፊያ፣ ጥቁር። ማተሚያው እጄ ሥር፣ ስልኩ እጄ ሥር፣ ፋይሉ ስክሪኑ ውስጥ። ከሽንት ቤት በቀር የሚያስነሳኝ ነገር ጠፋ። ወገቤ መቆርጠም የጀመረው በዚያ ምቹ ወንበር ላይ ነው።

ሰኔ 2009 ላይ ነው ጉዱ የፈላው። ሰኔ እዚህ ቤት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አይነገርም። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ያልተሰበሰብነውን በአንድ ሳምንት እንሰበሰባለን። ያን ቀን ጠዋት 2፡30 ላይ ተቀመጥን። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። 4 ሰዓት ላይ ወገቤ በቀስታ ነገረኝ። 5 ሰዓት ላይ ጮኸ። ወንበሬን ገፋ አድርጌ ልነሳ ስል ሰብሳቢው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ያንን አስተያየት የማያውቅ እዚህ የለም። ተመልሼ ተቀመጥኩ። 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ «ስብሰባችን በዚሁ ተጠናቋል» ሲባል ሁሉም ተነሳ፤ እኔም ተነሳሁ። የተነሳው ግን እግሬ ብቻ ነው። ከወገቤ በላይ ያለው ጠረጴዛው ላይ እንዳጎነበሰ ቀረ። ሰብሳቢው ፊት ለፊቴ ቆመው ነበርና እጅ የነሳሁ መሰላቸው። «ኧረ በፍጹም! በፍጹም! ቀና በይ!» አሉኝ። ቀና ማለት ብችልማ ምን ገዶኝ!

ሊፍቱ እንደ ልማዱ አይሠራም። ሁለት ባልደረቦቼ ግራና ቀኝ ይዘውኝ አራት ፎቅ ወረድን፤ አንደኛው ይኸው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝና ወንበር አቅፌ ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። ወያላው አየኝ፣ አየኝና «ማዘር፣ ለጸሎት ከሆነ ሥላሴ ጋ ላውርድዎት?» አለኝ። ሂሳብ ግን ተቀብሎኛል።

ቤት ስገባ ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ብርድ ነው አለች። ሌላዋ ኩላሊት። አንዱ «ዲስክ ተንሸራቶ ነው፣ እንዳትንቀሳቀሺ» ብሎ ከፍራሼ ሥር ጣውላ ዘረጋልኝ። ታዝዤ 19 ቀን ተኛሁ። በ19ኛው ቀን ወደ መጸዳጃ የምሄደው ምርኩዝ ይዤ ነበር። የወገብ ቀበቶም ተገዝቶልኛል፤ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በመቀነት ታጥቃ ኖራለች፣ እኔም በስተርጅና ታጠቅሁ።

መጨረሻ ላይ ሐኪም መርምሮኝ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ነገረኝና ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ። የተቀበለችኝ ልጄን የምታክል ልጅ ናት። ታሸኛለች ብዬ ስጠብቅ በቀን ስንት ሰዓት እንደምቀመጥ ጠየቀችኝ። በኩራት «እኔ እንኳ ስቀመጥ እንደ ችካል ቀጥ ብዬ ነው» አልኳት። «ችካልነቱ ነው ያመመዎት፣ እትዬ» አለችኝ። «የሚያሳምመው መጉበጥ ብቻ አይደለም፣ አንድ ቦታ መቅረትም ነው።»

ከዚያ ያስረዳችኝን ልንገራችሁ። በአከርካሪ አጥንቶቻችን መሀል ያለው ዲስክ በአዋቂ ሰው የራሱ ደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል። ምግቡ ከአካባቢው ሰርጎ ነው የሚገባለት፤ ሲጫኑትና ሲለቁት ደግሞ ፈሳሹ ይወጣል ይገባል፣ እንደ ዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ። ሦስት ሰዓት ያለ እንቅስቃሴ ስትቀመጡ ስፖንጁ ተጨምቆ ቀረ ማለት ነው። ደግሞ ዲስክ ሳሙና አይደለም፣ ተንሸራቶ የትም አይሄድም፤ ሊያብጥ፣ ሊወጣ ይችላል። በምስል ቢታይ ምንም የማያመው ሰው ዲስክም አብጦ ይገኛል። አልጋ ላይ መክረም ደግሞ ከአንድ ሁለት ቀን ካለፈ ጡንቻውን ያሰንፈዋል እንጂ አይጠግነውም። ቀበቶውንም አስፈታችኝ። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለከረመ የወገብ ሕመም መመሪያ ሲያወጣ እንቅስቃሴን ደግፎ ቀበቶን አልመከረም። እኔ 1200 ብር ከፍዬበታለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ከቤቴ በር እስከ ሱቁ ሄድኩ። አመመኝ። «ያመመ ሁሉ ተጎዳ ማለት አይደለም» ብላኝ ነበርና በማግስቱም ሄድኩ። በስድስተኛው ሳምንት ከፒያሳ አራት ኪሎ በእግሬ መጣሁ።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ። እዚህ ቤት ስብሰባ መሀል የተነሳ ሰው ወይ አኩራፊ ነው ወይ ተቃዋሚ። ወንበሩ ላይ የተቁነጠነጠ ትኩረት የለውም ይባላል። ለምን? ጆሮ መቀመጫ ላይ አልተተከለም! ካህናቱ ማሕሌት ቆመው የሚያድሩት መቋሚያ ተደግፈው፣ ክብደታቸውን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየጣሉ ነው። ሙስሊም ባልደረቦቻችን ለዙሁር ተነስተው፣ ጎንበስ ቀና ብለው ሲመለሱ እኔ ስቀናባቸው ኖሬያለሁ። ፈጣሪን ቆመን እያናገርን የሩብ ዓመት ሪፖርት ተቀምጠን ካልሆነ አይሰማም ያለው ማን ነው? የትኛው ደንብ ላይ ነው የተጻፈው? የዚህን ቤት ደንብ በየዓመቱ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የለም!

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 የወገብ ሕመም የነበረበትን ሰው 619 ሚሊዮን አድርሶታል። በዓለም ላይ ሰውን አቅም በማሳጣት ቀዳሚው ሕመም ይኸው ነው። እኛ ግን ሕመሙ ሳይሆን መነሳቱ ነው የሚያሳፍረን።

ለኃላፊዎቻችን የማቀርበው ልመና አንድ ነው፤ ወጪ የለውም። በየስብሰባው ከኋላ ረድፍ ወዲያ አንድ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይተው፤ መቆም ያሻው ሳያስፈቅድ እዚያ ይቁም። ሰብሳቢውም በየሰዓቱ አምስት ደቂቃ ይስጡ። አዲስ ወንበር አልጠየቅኩም። የወንበሩን ነገር አይተነዋል።

ሌላው ቀላል ነው፣ ቶሎ ልበለው። ስልክ ሲጠራ ቆማችሁ አንሱ። ስክሪኑ ዝቅ ካለባችሁ ከሥሩ አንድ እሽግ ወረቀት አድርጉ። በፈረቃ ውሃ የምትቀዱ፣ ጀሪካኑን ወደ ገላችሁ አስጠግታችሁ አንሱ፤ አንስታችሁ ከወገብ አትጠማዘዙ። ሳፋውን መሬት ላይ አድርጋችሁ አትጠቡ፣ በርጩማ ላይ አውጡት። የፒያሳው እግረኛ መንገድ ሰፍቶላችኋል፣ ከታክሲ ቀደም ብላችሁ ውረዱ።

ይህንን ግን ሳልናገር አልወርድም። ሽንት መቆጣጠር ያቃተው፣ ጭኑ መሀል የደነዘዘው፣ እግሩ የሰነፈበት ሰው ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ። ከወገብ ሕመም ጋር የሚያተኩሰውና የሚያከሳው ሰውም እንደዚሁ፤ የአከርካሪ ቲቢ እኛ አገር አለ። ወጌሻ ጋ አይኬድም፣ የእኔ ንግግርም አይበቃውም።

ቡናው እየተቆላ ነው፣ ይሸታል። ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረን ኮሪደሩ ላይ እንዲቀርብ አድርገናል፤ ወንበር አልወጣም። ኮሚቴው «ለክብር እንግዶች እንኳ አራት ወንበር» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። በርጩማ የተፈቀደላት ለምታፈላው ልጅ ብቻ ነው፤ እሷም ከጠዋት ጀምሮ ስትነሳ ስትቀመጥ ነው የዋለችው።