ለረግረግ እንስሳት የሚሆን፣ ዋጋው የማይከብድ ትሬል ካሜራ እንዴት እንምረጥ?

[ምስል፦ ጭጋግ ያረፈበት የቄጠማ ሜዳ፤ በአጭር ምሰሶ ላይ የታሰረ ካሜራ]

ተራኪ፦ ትሬል ካሜራ ማንም ሳይነካው፣ እንስሳ በፊቱ ሲያልፍ ብቻ ነቅቶ ፎቶ የሚያነሣ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሣጥን ነው። በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የተሠሩት በጫካ ውስጥ በዛፍ ግንድ ላይ ታስረው የአጋዘንን መንገድ ለሚከታተሉ አዳኞች ነው። ረግረግ ግን ሌላ ዓለም ነው። ካሜራ የሚታሰርበት ዛፍ የለም፣ ውሃው ይሞላል ይጎድላል፣ ደንገሉና ፊላው በነፋስ ቀኑን ሙሉ ይወዛወዛል፣ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ ትናንሽ ወፎች ናቸው። ስለዚህ ለጫካ የተመሰገነ ካሜራ ሁሉ ለረግረግ ይሆናል ማለት አይደለም፤ በአንጻሩ ዋጋው ዝቅ ያለ ካሜራ ለቦታው ተገቢ ሆኖ ከተመረጠ የሚያኮራ ሥራ ይሠራል።

[ምስል፦ የበርጋ ረግረግ በክረምት]

ይህ መሣሪያ በረግረግ ውስጥ ምን ሊያስገኝ እንደሚችል የምታሳየን አንዲት ወፍ አለች። ነጭ ክንፍ ያላት ፍላፍቴል ክብደቷ ወደ 30 ግራም ብቻ የሆነ፣ በሣር ሥር ተደብቃ የምትኖር፣ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ጋር የተመዘገበች ወፍ ናት። ለረጅም ጊዜ የምትራባው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ እንዳለው እንደ በርጋ ባሉ የኢትዮጵያ ደጋ ረግረጎች ውስጥ ብቻ እንደሆነ ይታመን ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ግን በርድላይፍ ደቡብ አፍሪካ የተባለው ድርጅት በዚያው አገር ሚድልፑንት በሚባለው ረግረግ ውስጥ በተከላቸው ካሜራዎች አማካይነት በዚያም እንደምትፈለፍል አረጋገጠ። በእግር ቢፈልጓት ከሣሩ ሥር የማትወጣውን፣ ብትነሣም ለቅጽበት በርራ የምትሰወረውን ወፍ ሳይረብሹ ማየት የተቻለው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንምጣ። በማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ሜጋፒክስል፣ ማለትም ፎቶው የተሠራባቸው ነጥቦች ብዛት በሚሊዮን፣ ነው፤ ገዢን በብዛት የሚያሳስተውም እርሱ ነው። 36 ወይም 48 ሜጋፒክስል የሚል ርካሽ ካሜራ በውስጡ ያለው ብርሃን ተቀባይ ክፍል ብዙ ጊዜ ከዚያ እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ የቀረው በሶፍትዌር ተነፍቶ የተጨመረ ነው። የተነፋው ምስል በሜሞሪ ካርዱ ላይ ሰፊ ቦታ ይይዛል እንጂ በወፏ ላባ ላይ አንዲት መስመር አይጨምርም። ስለዚህ የማስታወቂያውን ቁጥር ትታችሁ በዝርዝር መግለጫው ውስጥ የዚህን ብርሃን ተቀባይ ክፍል እውነተኛ ሜጋፒክስል ፈልጉ፤ ካልተጻፈም በካሜራው የተነሡ፣ ያልተነካኩ የሌሊትና የቀን ፎቶዎችን ተመልከቱ።

[ምስል፦ የካሜራው ፊት፤ ከሌንሱ በታች ያለው ነጭ የፕላስቲክ መስኮት]

ለረግረግ ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ከሌንሱ አጠገብ ያለው ይህ ነጭ መስኮት ነው። ከጀርባው የተቀመጠው፣ ካሜራውን የሚቀሰቅሰው ሙቀት ለይ ሴንሰር የሚያየው እንቅስቃሴን ብቻ አይደለም፤ ከአካባቢው የተለየ ሙቀት ያለው ነገር ከአንዱ የእይታ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር የሚፈጠረውን ለውጥ ነው። ከዚህ አሠራር ረግረግን የሚመለከቱ በርካታ ችግሮች ይመነጫሉ። ፀሐይ ያሞቀችው ቄጠማ በነፋስ ሲወዛወዝ ካሜራው እንስሳ የመጣ ይመስለውና ካርዱን ባዶ ሣር በሚያሳዩ ፎቶዎች ይሞላዋል። በላባ የተሸፈነች ትንሽ ወፍ ደግሞ ወደ ውጭ የምታወጣው ሙቀት ጥቂት ስለሆነ ሳትታይ ልታልፍ ትችላለች። ከውሃ ገና የወጣ እንስሳ ፀጉሩም ቆዳው ርጥብና ቀዝቃዛ ስለሚሆን ሴንሰሩ ዘግይቶ ይነቃል፣ ወይም ጭራሽ አይነቃም። እንደ ጋምቤላ ባለ ቆላ የቀኑ ሙቀት ወደ እንስሳት የሰውነት ሙቀት ሲጠጋ ልዩነቱ ይጠባል፤ አዞን የመሰለ የሰውነቱ ሙቀት ከአካባቢው ጋር የሚለዋወጥ እንስሳ ሲሆንማ በዚህ ሴንሰር ላይ ብቻ መተማመን ከንቱ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው የሴንሰሩን ንቃት ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚያስችል ምርጫ ነው፤ ነፋስ በሚበዛበት ቦታ ዝቅ፣ ትናንሽ ወፎች በሚፈለጉበት ጸጥ ያለ ስፍራ ከፍ ይደረጋል። ሁለተኛው፣ እኔ ለረግረግ የግድ ነው የምለው፣ ታይም ላፕስ የሚባለው አሠራር ነው፤ ካሜራው ሙቀት ኖረም አልኖረም በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ራሱ ያነሣል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት በየ5 ደቂቃው ቢያነሣ በቀን 144 ፎቶ ይሆናል። አንዱ ፎቶ 3 ሜጋባይት ቢይዝ፣ 32 ጊጋባይት ካርድ ከሁለት ወር በላይ ይበቃል። ታይም ላፕሱንና ሴንሰሩን በአንድ ጊዜ የሚያሠራ ካሜራ ካገኛችሁ፣ በሜጋፒክስል ዝቅ ቢልም እንኳ እርሱን ምረጡ። ዝይዎች ሲያርፉ፣ ሽመላዎች በጥልቀት በሌለው ውሃ ሲመገቡ፣ አዞ ዳር ላይ ፀሐይ ሲሞቅ የሚያሳያችሁ እርሱ ነው።

የመቀስቀሻ ፍጥነትም አለ። እንስሳው ከታየበት እስከ ፎቶው ያለው ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ በታች ቢሆን መልካም ነው፤ ከአንድ ሰከንድ ከበለጠ የምታገኙት ጅራት ነው። ከአንዱ ፎቶ በኋላ ለሚቀጥለው የሚዘጋጅበትን ጊዜም እዩ፤ ሻጮች ይህን እምብዛም አይናገሩም።

ትኩረት የሚጠራበት ርቀት ደግሞ ለወፍ ወሳኝ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ካሜራዎች ከ2 ሜትር ገደማ ወዲያ ያለውን ብቻ አጥርተው እንዲያሳዩ ተደርገው በፋብሪካ የተቆለፉ ናቸው። ትንሽ ወፍ በ5 ሜትር ርቀት ነጥብ ትሆናለች፣ በ1 ሜትር ደግሞ ትደበዝዛለች። የምትፈልጉት ትናንሽ ወፎችን ከሆነ በቅርብ የሚያጠራ ሞዴል ይሻላል፤ ጉማሬን ወይም አነርን ከሆነ ግን ይህ አያሳስባችሁ።

[ምስል፦ ሌሊት የተነሣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ]

ሌሊት የሚያበራው ኢንፍራሬድ (ከቀይ በታች የሆነ ብርሃን) ፍላሽ በሞገዱ ርዝመት በሁለት ዓይነት ይገኛል። 850 ናኖሜትር የሆነው ራቅ ብሎ ያበራል፣ ፎቶውም ይጠራል፣ ነገር ግን ሲበራ ደብዛዛ ቀይ ነጥብ ይታያል። 940 ናኖሜትር የሆነው በሰው ዓይን አይታይም፣ ርቀቱ ግን ያጥራል። ሰው በሌሊት በማያልፍበት ቦታ የመጀመሪያውን፣ ዓሣ አስጋሪዎችና መንገደኞች በሚመላለሱበት ዳርቻ ደግሞ ስርቆትን ለመከላከል ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ስለ ውሃ መከላከያው፣ አይፒ ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ያለው ሁለተኛ አኃዝ ውሃን ይመለከታል። አይፒ66 ብርቱ ዝናብን ይችላል፤ አይፒ67 እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ መጥለቅን ይቋቋማል። ከአይፒ66 በታች ለረግረግ አይግዙ እላለሁ። በሩ ዙሪያ ያለው የጎማ ማሸጊያ ንጹሕ መሆኑን በየጊዜው ማየት፣ በውስጡም በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ማስቀመጥ የደጋው ጤዛ ሌንሱን ከውስጥ እንዳያደበዝዘው ይረዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ካሜራውን ከውሃ ለመጠበቅ ብላችሁ ከመስታወት በስተጀርባ አታስቀምጡት። መስታወት ከእንስሳው የሚመጣውን ሙቀት ስለሚያግድ ሴንሰሩ ዕውር ይሆናል።

ባትሪ በ8 ድንጋይ የሚሠራው በ4 ከሚሠራው ይልቅ ለሩቅ ቦታ ይስማማል። እንደገና የሚሞሉ ባትሪዎች በጊዜ ብዛት ወጪ ይቀንሳሉ፤ ይሁንና የእነርሱ ኃይል 1.2 ቮልት፣ የተራው ድንጋይ 1.5 ቮልት በመሆኑ አንዳንድ ካሜራዎች ባትሪው አልቋል ብለው ቶሎ ይዘጋሉ፤ መመሪያው ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድማችሁ አንብቡ። በስልክ መረብ ፎቶ የሚልኩትን በተመለከተ፣ በአሜሪካ የሚሸጡ ብዙዎቹ ለዚያ አገር የስልክ ኩባንያዎች ብቻ የተዘጋጁ ናቸው። ከዘመድ ጋር አስልካችሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ልትጠቀሙበት ካሰባችሁ ተራውን፣ በካርድ የሚሠራውን ውሰዱ።

ዋጋን ስናይ፣ እንደ ሬኮኒክስ ያሉት የተመራማሪ ካሜራዎች ከ400 ዶላር በላይ ሲሆኑ፣ ከ100 ዶላር በታች ከሚሸጡት መካከል ግን እስካሁን የዘረዘርነውን አብዛኛውን የሚያሟሉ ይገኛሉ። ለአንድ ውድ ካሜራ ከማጠራቀም ሁለት መካከለኛ ገዝቶ፣ አንዱን በሴንሰር ሌላውን በታይም ላፕስ ማሠራት ለረግረግ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ ጎርፍ አንዱን ቢወስድም ሌላው ይቀራል።

[ምስል፦ በጣና ዳርቻ ምሰሶ ሲተከል]

ሲተከል ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ አታዙሩት፤ የምትወጣውና የምትጠልቀው ፀሐይ ፎቶውን ያጠፋዋል። እንስሳው ወደ ካሜራው ቀጥ ብሎ ሳይሆን በፊቱ አቋርጦ የሚያልፍበትን መስመር ምረጡ፤ በፊቱ ያለውን ቄጠማም ለመከለል ያህል ትታችሁ በሴንሰሩ መስኮት ፊት የሚወዛወዘውን ብቻ አጎንብሱ እንጂ ጎጆ ያለበትን ሣር አትጨዱ። የጣና ውሃ በዓመት ውስጥ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ በሰኔ የተተከለ ካሜራ በመስከረም እንዳይሰጥም ምሰሶው ከፍ ሊደረግ የሚችል ይሁን። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሆነ ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በሌላውም ቦታ ሣር አጫጆችንና ዓሣ አስጋሪዎችን አስቀድሞ ማነጋገር ተገቢ ነው፣ ፎቶ የሚነሡት እነርሱም ናቸውና።

ካሜራውን እንደገዛችሁ ወዲያው ወደ ረግረጉ አትውሰዱት። ሰዓቱንና ቀኑን አስተካክሉ፣ ካርዱን በካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርጉ፣ በግቢያችሁ ዶሮ በሚውልበት ቦታ ቀንና ሌሊት አስቀምጣችሁ በ1፣ በ2 እና በ4 ሜትር ርቀት ምን ያህል እንደሚያጠራ እዩ። ለሻጩ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ጉድለቱ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።