ሲጠፋ ሁሉን የምትረሳዋ ፍላሽ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። እጄ ላይ አንድ ፍላሽ ይዣለሁ፣ ክዳኗ ከጠፋ ቆይቷል፣ ጫፏም ትንሽ ጎበጥ ብሏል፣ ግን የኔ ኮምፒውተር ማለት እሷ ናት። የምሬን ነው። ውስጧ ሙሉ ሊኑክስ አለ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሰራ ሲስተም ነው)፣ ያገኘሁት ላፕቶፕ ላይ ሰክቼ አስነሳታለሁ፣ በቃ የኔ ዴስክቶፕ ይመጣል።

እንዴት ጀመርኩ? የላፕቶፔ ሀርድ ዲስክ ሞተ። ማታ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰምቼ ንቄው ተኛሁ፣ ጠዋት ስከፍተው ጥቁር ስክሪን። አንድ ጓደኛዬ ነው "ሀርድ ዲስኩን ተወው ባክህ፣ ያለሱም ይሰራል" ብሎ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ያለባት ፍላሽ የሰጠኝ። ያሾፈብኝ ነበር የመሰለኝ። ሰካኋት፣ ከፍላሿ እንዲነሳ ኤፍ12ን ደጋግሜ ጠቀጠቅኩ (አንዱ ላፕቶፕ ኤፍ12፣ ሌላው ኤፍ9፣ ሌላው ኢስኬፕ፣ ይሄን ቁልፍ አንድ ቢያደርጉት ምን እንደሚቀርባቸው አይገባኝም)፣ እና ተነሳ! ዋይፋዩ ሰራ፣ ድምጹ ሰራ፣ ደስ ብሎኝ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፣ ዴስክቶፑ ላይ ሴቭ አደረግኩ፣ አጥፍቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ስከፍት ምንም የለም። የጻፍኩት የለም፣ የዋይፋዩን ፓስወርድ እንኳን እንደ አዲስ ጠየቀኝ። እንዴት እንደተናደድኩ።

በኋላ ስገባበት ነገሩ ቀላል ነው። ፍላሿ ላይ ያለው ሲስተም ተጨምቆ የታሸገ አንድ ትልቅ ፋይል ነው፣ ስኳሽኤፍኤስ ይሉታል፣ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። እኔ የምሰራው ነገር ሁሉ ከሱ በላይ ራም ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የሚጸዳው ጊዜያዊ ሚሞሪ ላይ ነው የሚቀመጠው። መጽሐፍ በላስቲክ ለብደህ ላስቲኩ ላይ እንደመጻፍ በለው፣ ስታጠፋው ላስቲኩ ይነሳል፣ መጽሐፉ እንደነበረ ነው።

ይሄ ጠባይ ደግሞ ከሲዲ ዘመን የተወረሰ ነው። በፈረንጆቹ 2000 ክላውስ ክኖፐር የሚባል ጀርመናዊ ክኖፒክስን አወጣ፣ 700 ሜጋባይት ሲዲ ላይ 2 ጊጋ የሚጠጋ ሶፍትዌር ጨምቆ ይዞ ያለ ሀርድ ዲስክ የሚነሳ ሊኑክስ። ያኔ ሲዲው ላይ መጻፍ ስለማይቻል መርሳቱ ግድ ነበር። በኋላ ቴይልስ የሚባል ሌላ ሊኑክስ መጣና መርሳቱን ራሱን ዓላማው አደረገው፣ ኢንተርኔቱን ቶር በሚባል ማንነትህን በሚደብቅ ኔትወርክ ያሳልፋል፣ ስታጠፋው የሰራህበት ማሽን ላይ ዱካ እንዳይቀር ተብሎ ነው የተሰራው።

እኔ ግን ያኔ ተናድጄ ስለነበር ፐርሲስተንስ የሚሉትን አበራሁ። ፍላሿ ላይ የተወሰነ ቦታ ከፍለህ የምትቀይረው ሁሉ እዛ እንዲጻፍ ታደርጋለህ። አሪፍ ነበር፣ ሁሉን ያስታውሳል። ችግሩ ሁሉን ማስታወሱ ነው፣ ብሮውዘሩ ካሽ (የከፈትካቸውን ገጾች ቅጂ) ይጽፋል፣ ሲስተሙ ሎግ (የሥራውን መዝገብ) ይጽፋል፣ አፕዴት ይጽፋል፣ እኔ ቁጭ ብዬ ፊልም እያየሁ እንኳን እሷ ትጽፋለች። ፍላሽ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደሚጻፍበት ልክ አለው፣ ርካሽ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስነካት ታቃጥላለች፣ አንድ ታብ ለመክፈት ስክሪኑ ደርቆ ይቆማል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ጭራሽ መነሳት እምቢ አለች። ያ ሁሉ ትዝታ አብሯት ሄደ።

እና ተመለስኩ፣ ወደምትረሳዋ። ሲስተሙ አንድ ፍላሽ ላይ፣ ዶክመንቶቼ ሌላ ፍላሽ ላይ፣ የነሱም ኮፒ ሌላ ቦታ። ማታ ከማጥፋቴ በፊት ዳውንሎድ ፎልደሩን እከፍትና የቱ ይትረፍ የቱ ይጥፋ እያልኩ በእጄ እመርጣለሁ፣ እና የሚገርማችሁ አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፈው ሁለት ፋይል ቢሆን ነው፣ አንዳንዴም ምንም። አርባ ታብ ከፍቼ የዋልኩበት ቀን እንኳን። በፊት እነዛን ታቦች "በኋላ አነባቸዋለሁ" እያልኩ ወር ሙሉ ይዣቸው እዞር ነበር፣ አሁን አብረው ይጠፋሉ፣ አንዱም ናፍቆኝ አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ፣ ፋይል ገልብጣችሁ ቶሎ እንዳትነቅሏት። ስክሪኑ ጨረስኩ ሲላችሁ እውነቱን ላይሆን ይችላል፣ ገና ራም ላይ ሊሆን ይችላል፣ ኢጀክት በሉና ጠብቁ። ከራሴ ነው የምነግራችሁ።

በነገራችን ላይ ይሄንንም ኤፒሶድ እየቀዳሁ ያለሁት በሷ ነው፣ እና አሁን ሳየው የሚቀመጠው... ኧረ ዴስክቶፕ ላይ ነው። ቆይ ልገልብጠው። ቻው።