ቧንቧው እሁድ ሌሊት ሲፈነዳ

ጤና ይስጥልኝ፣ የካርድ ክፍልና የሕክምና መረጃ ባልደረቦቼ።

በራሳችን ጥፋት ልጀምር። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ ሆስፒታል፣ እሁድ ሌሊት ከካርድ ክፍሉ በላይ ያለ የውኃ ቧንቧ ፈነዳ። ሰኞ ጠዋት በሩን ስንከፍት ውኃው ቁርጭምጭሚት ደርሷል። የታችኛው መደርደሪያ ካርዶች አብጠው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ነበራችሁ ወይ? ነበረን። የት? እዚያው ታችኛው መደርደሪያ ላይ።

ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኛም ቆይተን ስቀናል። ያን ዕለት ግን ተደናብረን እጃችን የገባውን ካርድ ሁሉ ወደ ኮሪደር አወጣን። በማግስቱ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው ካርድና አሥር ዓመት ሙሉ ብቅ ያላለ ሰው ካርድ እኩል ተራ ያዙ። ቀጥሎ በሩን ዘግተን ማሞቂያ ለኮስን። የባሰው እሱ ነው። የረጠበ ወረቀት ሞቅ ባለና በታፈነ ክፍል ውስጥ በ48 ሰዓት ገደማ መሻገት ይጀምራል። የሚፈልገው ቀዝቃዛና የሚንቀሳቀስ አየር ነው። ብዛቱ ከአቅም በላይ ከሆነ ደግሞ ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት ነው። በረዶ የሆነ ወረቀት አይሻግትም፤ ለእኛም ማሰቢያ ጊዜ ይሰጠናል።

ከወረቀቱም በፊት መዳን ያለበት ግን ማውጫው ነው። ስምን ከካርድ ቁጥር ጋር የሚያገናኘው ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ያለው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚሆኑ የወታደር ማኅደሮች ወደሙ። ቅጂ አልነበራቸውም። ማውጫም አልተሠራላቸውም ነበር። ስለዚህ የማን የማን ማኅደር እንደጠፋ የሚናገር ሙሉ ዝርዝር የለም። ካርድ መጥፋቱ አንድ ነገር ነው። የማን እንደጠፋ አለማወቅ ግን ሌላ ጉድ ነው።

«እኛ እኮ ኮምፒውተር ገብቶልናል» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2011 ጆፕሊን በተባለች የአሜሪካ ከተማ አውሎ ነፋስ ሆስፒታሉን መታው። ሆስፒታሉ ወደ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ የገባው ገና በዚያው ወር መጀመሪያ ነበር። መረጃው ሌላ ከተማ ይቀመጥ ስለነበር ሕንፃው ሲፈርስ መዝገቡ ተረፈ። ያዳነው ኮምፒውተሩ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ርቀቱ ነው።

ሌላም ጠላት አለ፣ ሕንፃ የማይነካ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 የአየርላንድ የጤና አገልግሎት ኮምፒውተሮች በሰርጎ ገቦች ተቆለፉ። ሠራተኛው ወደ እስክሪብቶና ወረቀት ተመለሰ። አጥቂዎቹ ከቀናት በኋላ መክፈቻውን ቢሰጡም ሥርዓቱን መልሶ ማቆም ወራት ፈጀ። ከዋናው መረብ ጋር ተገናኝቶ የሚውል ባክአፕ አብሮ ሊቆለፍ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ አንዱ ቅጂ ከመረቡ ተነቅሎ ይቀመጥ። ተነቅሎ መቀመጡም አይበቃም፤ በየጊዜው ከፍቶ ማየት ነው።

አሁን ሁላችንም የምንዘለው ጉዳይ ላይ ልምጣ። ሲስተም ሲወድቅ የምንሰጠው ጊዜያዊ ቁጥር ከየት ይመጣል? ድንገተኛ ክፍል ከአንድ ጀምሮ ቢቆጥር፣ ማዋለጃም ከአንድ ቢጀምር፣ አንድ ቁጥር ሁለት ታካሚ ይሸከማል። የአንዷ ደም ዓይነት በሌላዋ ካርድ ሊገባ ነው። ለየክፍሉ የማይደጋገም ቁጥር የታተመበት ቅጽ ዛሬውኑ ታሽጎ ይቀመጥ። ስሙ ላልታወቀ ታካሚም እንዲሁ። ሲስተሙ ሲመለስ ያን ሁሉ ወረቀት የሚያስገባው፣ ጊዜያዊውን ቁጥር ከቀድሞው ካርድ ጋር የሚያዋህደው ማን ነው? «ካርድ ክፍል» ብላችሁ አትጻፉ። የሥራ ድርሻውን፣ ተተኪውንና ፈረቃውን ጻፉ።

ዕቅዳችሁን መፈተን ከፈለጋችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል ስክሪኑን አጥፍታችሁ አንድ የልምምድ ታካሚ ከመመዝገቢያ እስከ ላቦራቶሪ አስኪዱ። የት እንደሚጠፋ ታያላችሁ።

የእኛ ዕቅድ አሁን በሦስት ቦታ ይገኛል። አንዱ ቅጂ ጥበቃው ጋ ነው። እሁድ ሌሊት የውኃውን ድምፅ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነዋ።