ስሟን የጠየቃት አልነበረም

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የፊልም ማታችን ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ? አሰላሙ አለይኩም። ሰላም ለናንተ ይሁን።

እንኳን ለአንደኛ ዓመታችን አደረሳችሁ። አምና በዚህ ወር አንድ ቴሌቪዥን፣ የተዋስነው ጄኔሬተርና አስራ አንድ ወንበር ይዘን ነበር የጀመርነው። ዛሬ ከኋላ የቆመ ሰው አያለሁ። ልጆች፣ ለእናቶች ወንበር ልቀቁ እባካችሁ።

አዘጋጆቹ በኢንተርኔት ስለምናያቸው ፊልሞችና ስላሳሰቡን ነገር እንድናገር ጠይቀውኛል። ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። በዓመቱ ብዙ ፊልም አይተናል። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንዱ ልናገር ነው። ስለሱና ስለ አክስቴ።

የማላዊውን ልጅ ታስታውሱታላችሁ። የፊልሙ ስም ወደኛ ሲመለስ "ነፋስን የገራው ልጅ" እንደማለት ነው። በፈረንጆች 2019 ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ጽፎ ያዘጋጀው እንግሊዛዊው ተዋናይ ቺዌቴል ኤጂዮፎር ነው። አባትየውን ሆኖ የተወነውም ራሱ ነው። ታሪኩ የእውነት ነው። ዊሊያም ካምክዋምባ የሚባል፣ ዊምቤ በምትባል የገጠር መንደር ያደገ ልጅ ነው። በፈረንጆቹ 2001 እና 2002 ማላዊን ረሃብ መታት። የልጁ ቤተሰብ የትምህርት ቤት ክፍያ አጣ፤ ከክፍል ተባረረ። ቤተ መጻሕፍት እየገባ ስለ ኃይል የሚያስረዳ መጽሐፍ አገኘ። ከብረት ቁርጥራጭና ከብስክሌት ዲናሞ በነፋስ የሚሠራ መብራት ማመንጫ ሠራ።

ፊልሙ የተከፋፈለው በገበሬ ዓመት ነው። መዝራት አለ፣ ማደግ አለ፣ አጨዳ አለ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ "ንጃላ" የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ንጃላ በነሱ ቋንቋ ረሃብ ነው። እዚያ ጋ ሲደርስ ክፍሉ ጸጥ ያለው ትዝ ይለኛል።

ነሐሴ ነበር። ዝናቡ ከቀን ጀምሮ አላባራም። የጦሳ ተራራ ከጭጋጉ በስተጀርባ ጠፍቷል። አክስቴ፣ እቴቴ የምንላት፣ ዓይኗን ልትታከም ከመርሳ መጥታ እኔ ጋ ሰንብታ ነበር። ብቻዋን ቤት ከማስቀምጣት ብዬ ይዣት መጣሁ። ቡና ተፈልቷል፤ ዕጣኑ ሞቅ ብሏል። ኔትወርኩ እየደከመ ፊልሙ በየአስር ደቂቃው ይቆማል። ከሥር የሚመጣው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው። አንዲት የአስረኛ ክፍል ልጃችን ከፊት ቁጭ ብላ ጮክ እያለች በአማርኛ ትነግረን ነበር። ያቺ ልጅ ዛሬም እዚህ አለች። የኔ እመቤት፣ ያን ማታ የሠራሽውን ሥራ አንቺ ራስሽ አታውቂውም።

ውሻው በረሃብ ሲሞት እቴቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ምንም አላለችም። ብስክሌቱ ጋ ደረስን። ልጁ ማመንጫውን ለመሥራት የአባቱን ብስክሌት ይፈልጋል። ብስክሌቱ መፈታታት አለበት። አባትየው በቁጣ እምቢ አለ። እናንተ ወጣቶቹ ጮሃችሁ። "ስጠው እንጂ! ስጠው!" አላችሁ።

እቴቴ ተነሳች። "ዝም በሉ!" አለች። "እንዴት ብሎ ይስጠው? የቀረው እሱ ብቻ ነው!"

ፊልሙ ቆመ። ኔትወርኩ ይሁን ሰው ያቁመው አላስታውስም። እሷ ቆማ መናገር ጀመረች። በሰባት ዓመቴም፣ በሠላሳ ዓመቴም ስጠይቃት "ተይው፣ አልፏል" ብላ የዘጋችብኝን ነገር በሰው ፊት ነገረችን።

በስልሳ ስድስቱ ረሃብ የአስር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ከመርሳ በታች፣ ቆላ ነው። አባቷ ሁለት በሬ ነበረው። አንዱ ቀድሞ ሞተ። የቀረው ወይኖ ነው። ጎረቤት ሁሉ "ሥጋው ሳያልቅ ሽጠው" አለው። እምቢ አለ። ሌሊት ገመዱን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ከበሬው ጎን ይተኛ ነበር። ዝናብ ቢመጣ በምን ያርሳል? ወይኖን ከሸጠ የሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር የለውም። እናቷ ለምናዋለች፤ ተቆጥታዋለች። ወይኖ አንድ ጠዋት ሳይነሳ ቀረ። ያን ለታ አባቷ በሩን ዘጋ። ደጃፉን ጠረገ። የምትጠረግ ነገር ባይኖርም ጠረገ። ከዚያ አራት ሆነው ወደ ዋናው መንገድ ወጡ። እሷ ትንሽ ወንድሟን አዝላ ነበር።

መንገድ ዳር ካለው መጠለያ በደረሱ በሦስተኛው ቀን ወንድሟ ጭኗ ላይ ተኝቶ ነበር። አንድ ፈረንጅ ካሜራ ይዞ መጣ። ተንበረከከ። የሷን ፊት አነሳ፣ የሕፃኑን ፊት አነሳ፣ ዝንቡን አነሳ። ረጅም ጊዜ ቆየ። "ክፉ ሰው አልነበረም" አለች። "ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ግን ስሜን አልጠየቀኝም። የወንድሜንም አልጠየቀኝ። ማታውን ሞተ።"

ከዚያ የወንድሟን ስም ነገረችን። ልጆቿ እንኳ የማያውቁትን ስም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ።

ወገኖቼ፣ እኔ ከዚያ ማታ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ታሪክ አስተምራለሁ። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ! በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወሎ ላይ ያነሳው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ስሙ "ያልታወቀው ረሃብ" ነው። ርዳታ አስገኝቷል፤ ሰው አድኗል። ይህን አልክድም፤ እቴቴም በርዳታ እህል ነው የተረፈችው። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደግሞ ደርግ ያንኑ ፊልም ከንጉሡ ድግስና ሥጋ ከሚጎርሱ ውሾች ጋር ቀላቅሎ ለአገር አሳየ። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። የኛ ሰው ሬሳ መንግሥት ለመገልበጫ ዋለ። የሬሳውን ስም ማን ጠየቀ?

በሰባ ሰባትም ያው ነው። ጥቅምት 1977 የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያነሱት ዓለምን አስለቀሰ። ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ሐምሌ ላይ በለንደንና በፊላዴልፊያ ለእርዳታው ትልቁ ኮንሰርት ተደረገ። የዘፋኞቹን ስም ዓለም በቃሉ ያውቀዋል። ኮረም ሜዳ ላይ ብርድ ካንቀጠቀጣቸው ሰዎች የአንዱን ስም የሚነግረኝ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ?

በማላዊው ፊልም አባትየው ትራይዌል ይባላል። እናትየው አግነስ። እህትየው አኒ። ውሻው እንኳ ስም አለው፤ ካምባ ነው። አባትየው ይቆጣል፣ ይሳሳታል፣ ያፍራል። ሰው ነው። እቴቴን ያስነሳት እሱ ነው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የተራበ ሰው ስም ኖሮት በስክሪን አየች።

አሁን ወደመጣሁበት ልምጣ። ከዚያ ማታ በኋላ ልጆቻችን አንድ ነገር አሰቡ። በስልካቸው አዛውንቶችን እየዞሩ ሊቀርጹ። ፈቃድ ለመጠየቅ አንድ ቢሮ ሄድን። ደብዳቤ አምጡ ተባልን፤ አመጣን። ማኅተሙ ሌላ ይሁን ተባልን፤ አስለወጥን። በሦስተኛው ምን ተባልን? "ረሃብ ምን ያነሳሳል? የአካባቢውን ገጽታ ያበላሻል።"

ገጽታ!

በስልሳ ስድስት የተደበቀው በምን ምክንያት ነው? ለገጽታ። መስከረም 1977 የአብዮቱ አስረኛ ዓመት በብዙ ገንዘብ ሲከበር፣ አደባባዩ በቀይ ጨርቅ ሲሸፈን፣ ወሎ እየሞተ ዝም የተባለው ለምንድን ነው? ለገጽታ። ስንቱን ሰው ገጽታ ገደለው! ለዚያ ኃላፊ ያን ቀን ያላልኩትን ዛሬ በናንተ ፊት እላለሁ። ገጽታችን የእቴቴ ፊት ነው። ሌላ ገጽታ የለንም። ያ ፊት ለፈረንጅ ካሜራ ሲሆን ማንም ደብዳቤ አልጠየቀም። ለልጅ ልጇ ስልክ ሲሆን ማኅተም ተጠየቀ። ይህ ያንገበግበኛል። እናንተንም ሊያንገበግባችሁ ይገባል።

ሰዓቴ እያለቀ ነው፤ የቀረውን በአጭሩ ልበል። "አትላንቲክስ" የተባለውን የሴኔጋል ፊልም አይተናል። የማቲ ዲዮፕ ሥራ ነው፤ በፈረንጆች 2019 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ሁለተኛውን ትልቅ ሽልማት አግኝቷል። ደመወዛቸውን የተከለከሉ የግንባታ ሠራተኞች በጀልባ ወደ ስፔን ይሄዳሉ። የቀሩት ሴቶች ይጠብቃሉ። በባቲ በኩል ወርደው ጅቡቲ፣ ኦቦክ ላይ ጀልባ የተሳፈሩ ልጆች ያሏችሁ እናቶች ያን ፊልም አልጨረሳችሁትም። ተነስታችሁ ወጣችሁ። አይቻለሁ። እሱን ለሌላ ማታ እናቆየው።

ለልጆቻችን የምለው ይህን ነው። ቢሮው ፈቀደም አልፈቀደ የራሳችሁን አያት ለመቅረጽ የሚከለክላችሁ የለም። ስልኩን ከማብራታችሁ በፊት ቁጭ በሉ። ቡናውን ጠጡ። ፈቃዳቸውን ጠይቁ። እምቢ ካሉ ተዉአቸው። እሺ ካሉ የመጀመሪያው ጥያቄ "ስምዎ ማን ነው?" ይሁን። ሁለተኛው ደግሞ "ማንን አጡ? እሱስ ስሙ ማን ነበር?" ይሁን። ከበስተጀርባ ሙዚቃ አታድርጉበት።

የወንድሟን ስም እስካሁን ያልጠራሁት አውቄ ነው። እቴቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ትናንት ማታ "እኔ ራሴ እለዋለሁ" ብላኛለች። ልጆች፣ ማይኩን ወደሷ ውሰዱላት። እቴቴ፣ አብሽሪ፤ ቁጭ ብለሽ ተናገሪ፣ አትነሺ። ሁላችንም እየሰማንሽ ነው።